ጀርመንን ያለፈች ውሻ

ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ ዜና በሚያይበት ሰዓት እሱ ውሻ ያያል። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ፣ በየአገሩ ያለ ውሻ ሰው ሲነክስ ይመለከታል። መጀመሪያ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ብዬ ነበር። ኋላ ነገሩ ሲገባኝ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ ብቻዬን ግድግዳ አላይ!

ሙያው ነው። ዕድሜውን የፈጀው የፖሊስ ውሻ ሲያሠለጥን ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በመንግሥት ሥራ ተመድቤ አርባ ምንጭ ስመጣ «ትንሽ ሠርቼ እዛወራለሁ» ብዬ ነበር፤ አንድ የጋሞ ሰው፣ ያውም ከነውሻው፣ አገኘኝና ቀረሁ። አሁን ሁለታችንም ጡረተኞች ነን። ሴቻ በሚባለው የላይኛው ሰፈር ቁልቁል ሐይቁን የሚያሳይ ግቢ አለን፤ ልጆቻችን ወጥተው የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። ግቢውን የሞላችው አንዲት አፈ ጥቁር፣ ጆሮዋ የቆመ፣ የቤልጅግ ዘር ውሻ ናት። ዓይኗ ሳይገለጥ አምጥቶ በጡጦ ያሳደጋት እሱ ነው። እኔ የራሴ ልጆች ሲታመሙ እንኳ እንደዚያ ሲሆን አላየሁትም፣ እውነቱን ለመናገር።

እንግዲህ አውሮፓ ውስጥ ውሻን በድፍረቱ ማወዳደር እንደ እግር ኳስ ያለ ስፖርት ነው። አንድ ሰው ወፍራም ልብስ ለብሶ ሌባ ይሆናል፣ ውሻው ይፈተናል፣ ዳኛ ነጥብ ይሰጣል። ጉዱ ያለው፣ እያንዳንዱ አገር ድፍረት የሚለው የተለያየ ነገር መሆኑ ላይ ነው። ጀርመኖቹ ሌባውን ከመጋረጃ ጀርባ ይደብቁታል። ውሻው ፈልጎ ያገኘዋል፤ ካገኘው በኋላ ግን ሰውየው እስካልሮጠ ወይም እስካልተማታ ድረስ አይነክሰውም፣ ፊቱ ቆሞ ይጮኽበታል እንጂ።

«የሚጮህ ውሻ አይነክስም ይባል የለ? ይሄ ምኑ ነው ድፍረቱ?» አልኩት።

«አንቺ ሴት፣ መንከስማ የፈራም ይነክሳል። እየተናደዱ መታገሥ ነው ድፍረት» አለኝ።

ይህን ያለው ስለ ውሻው ይሁን ስለ እኔ አልገባኝም፤ ያን ቀን ጠዋት ተኮራርፈን ነበር።

ፈረንሳዮቹ ደግሞ ሌባቸው አክሮባት ነው። ይዘላል፣ ይታጠፋል፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በውሻው አፍንጫ ሥር ያንቋቋል፤ ውሻው ግራ ሳይጋባ መያዝ አለበት። ቤልጅጎቹ ያገኙትን ሁሉ ይወረውሩበታል፤ ባልዲ፣ ጨርቅ፣ ውኃ። ለእነሱ ድፍረት ማለት አይቶት የማያውቀው ነገር ሲመጣበት አለመደንገጥ ነው። ሆላንዶቹ ሌባውን በብስክሌት ያስመልጡታል፣ ውሻውንም ውኃ ያሻግሩታል። እኔና ባለቤቴ በዚህ ስንከራከር ሻያችን ይቀዘቅዛል። እኔ የቤልጅጎቹ ደጋፊ ነኝ። እሱ ጀርመን ነው፣ ፖሊስ አይደል!

ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው ቁም ነገር የሆነው በባለቤቴ ታላቅ እህት ምክንያት ነው።

እትዬ እላቸዋለሁ። ምዕራብ ዓባያ፣ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ የሙዝ ማሳ አላቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሰኔ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሌቦች ገብተው ሙዙን በዘለላው ሲቆርጡ ደረሱባቸው፤ አንደኛው ገፍትሮ ቦይ ውስጥ ጣላቸው። አጥንታቸው ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ በኋላ ግን ማሳቸው ውስጥ ብቻቸውን መግባት አቃታቸው። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ልባቸው ይርዳል። ሐዋሳ የሚሠራው ልጃቸው ይህን ሲሰማ «እማ፣ መስቀል ሳይደርስ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሎ ቆረጠ።

«መስቀል ሰው ወደ አገሩ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ነው እንዴ?» ብለው ስልክ ላይ ሲያለቅሱ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ሙዙን ከባላቸው ጋር ነው የተከሉት። ሐዋሳ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው ምን ሊያዩ ነው?

ወንድማቸውን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ውሻህን ስጠኝ። እሷ ካለች እኔም አልፈራም፣ ልጄም ይተወኛል።» ልጁም ቢሆን ክፉ ልጅ አይደለም፤ «ሌባ የምታስቆም ውሻ ከሆነች እማዬ ትቆይ፣ ካልሆነች ግን እወስዳታለሁ» አለ።

ባለቤቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዓይኑን ወደ ውሻዋ መለሰ። እኔ በክርኔ ጎሰም አደረግኩት።

«እሰጥሻለሁ» አላቸው በመጨረሻ። «ግን መጀመሪያ ልፈትናት። ፈሪ ውሻ ከሌለች ውሻ ትብሳለች፤ ተማምነሽባት ጉድ ትሠራሻለች። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።»

እውነቱን ነው አልኩ። እኔ ሞኟ!

ለፈተና መጀመሪያ ሌባ ያስፈልጋል። ጎረቤታችን አናጺው ፈቃደኛ ሆነ፤ ግንድ የሚያክል ሰው ነው፣ እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ ይዘምራል፣ ዝንብ እንኳ አይነካም። ሰፈሩም ወዲያው «ሌባው» እያለ ይጠራው ጀመር። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ስል «እኔ ነኝ እማማ፣ ሌባው» ይለኛል።

ቀጥሎ ልብስ። ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። ባለቤቴ ግን የደጋ ልጅ አይደል፣ ዘዴ አላጣም፤ ጨንቻ ወጥቶ ዘመዱ ከሆነ ሸማኔ ዘንድ ወፍራም ቡልኮ ገዝቶ መጣ። የጨንቻን ብርድ የሚመክት ድርብርብ ጥጥ የውሻ ጥርስ ይበሳዋል? እኛው ቤት ደራርበን ሰፋንና ለሌባችን አለበስነው። አርባ ምንጭ ሙቀት ላይ ቡልኮ! አናጺው ሳይነከስ ሊሞት ነበር። ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ ከማንጎው ዛፍ ጀርባ ተደበቀ።

ውሻችን ተላከች። አገኘችው። በጀርመን ሥርዓት ፊቱ ቆማ ጮኸችበት፣ ጩኸቷም የሚያስፈራ ነበር። ባለቤቴ በኩራት አየኝ። «አሁን ሩጥ!» አለው አናጺውን። ሮጠ። እሷም ዘላ ጀርባው ላይ አረፈች፣ በግንባሩ ተደፋ። ከዚያ... ጀርባውን አሸተተች አሸተተችና፣ ዞር ዞር ብላ ተመቻችታ እላዩ ላይ ተኛች።

«ምን እየሆነች ነው ጋሼ? ትነክሰኝ ይሆን?» ይላል አናጺው ከሥር፣ አፈር ውስጥ።

ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ትዝ ሲለኝ ሳቄ አላስቆም አለኝ። ከቡችላነቷ ጀምሮ የምትተኛው አሮጌ ቡልኮ ላይ ነው። አልጋዋን ነበር ያለበስነው! ባለቤቴ ለሳምንት ያህል እኔን ቀና ብሎ አላየኝም፤ ባየኝ ቁጥር እስቅበት ነበራ።

ቡልኮውን በማዳበሪያ ጆንያ ለበድነው። ያኔ ነው ሥራዋን ያሳየችው። አናጺው ዱላ እያወዛወዘ፣ እየጮኸ ሲመጣባት ጆሮዋን እንኳ አላጠፈችም፤ ክንዱን ይዛ ተንጠለጠለች። «ልቀቂ» ስትባል ለቀቀች። እኔ አጨበጨብኩ፣ ሌባውም ከነቡልኮው አጨበጨበ። ጀርመንን አለፈች። «በል ለእትዬ ደውልላቸው» አልኩት።

«ቆይ እንጂ» አለ። «ይሄ ሜዳ ላይ ነው። የእሷ ማሳ ውስጥ ደግሞ ቅጠል አለ፣ ማዳበሪያ አለ፣ ጀሪካን አለ። የቤልጅጎቹንም እንይ።»

የኔን ቡድን ስለጠራ ደስ አለኝ። ባዶ ጀሪካኖች በገመድ አስረን ጎተትንባት፣ አናጺው ጃንጥላ ፊቷ ላይ ከፈተባት፣ እኔ ራሴ በረንዳው ላይ ቆሜ የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ደፋሁባት። ጀሪካኑን ረግጣ፣ ጃንጥላውን ቀዳ፣ ሰውየውን ያዘችው። ጃንጥላው የኔ ነበር። ቢሆንም ግድ የለም፣ ቤልጅግን አለፈች!

«አሁንስ?» አልኩት።

«ሆላንድ» አለ፤ ዓይኔን አላየም።

አናጺው ብስክሌት ተዋሰ። ቁልቁለቱን እየበረረ ሲወርድ ደርሳበት ከነብስክሌቱ ጉድጓድ ውስጥ ከተተችው። ጉልበቱ ተላጠ፤ እሑድ እያነከሰ ዘመረ። ባለቤቴ ይህንንም አይቶ አገጩን አሸ። «ውኃ መሻገር ይቀራታል» አለ።

«የት ነው የምታሻግራት?»

«ዓባያ ዳር...»

«አዞ ልታበላት ነው?» ጮህኩበት። «ሆላንድ አዞ አለ እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?»

ያኔ ነው የነቃሁት። እኔ እኮ ከሰው ቶሎ የምነቃ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ስወጣ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ውሻዋ ጭኑ ላይ ጭንቅላቷን ጥላለች። ከጆሮዋ ውስጥ መዥገር ይለቅምላታል፤ ቀስ ብሎ፣ በጋሞኛ ያጫውታታል። እኔን ለማግባት ያሰበውን እንኳ በራሱ አፍ አልነገረኝም፣ ሽማግሌ ነው የላከው። ለውሻዋ ግን አፉ ተፈቷል! አንድ ፈተና ባለፈች ቁጥር ሌላ አገር የሚያመጣው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ውሻዋ ብትወድቅ እህቱን ያጣል። ብታልፍ እሷን ያጣል። እንዲያው ባታልፍም ባትወድቅም፣ እንዲሁ ስትፈተን ብትኖር ነው የፈለገው።

አንጀቴን በላኝ። ግን እኔ ሳዝንም ስናደድም አፌ አንድ ነው።

«ውሻዋን ነው የምትፈትናት ወይስ ቀን ነው የምትገፋው?» አልኩት።

ብድግ ብሎ ወጣ። እራት አልበላም። የእትዬ ልጅ ደግሞ በዚያው ሰሞን ደውሎ፣ አንድ ወዳጁ ሙዝ ለመጫን በአይሱዙ ቅዳሜ ምዕራብ ዓባያ እንደሚወርድ፣ የእናቱን ዕቃ አብሮ ለመጫን እንዳሰበ ነገረን። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ሳህኑን ገፋ አደረገ። «ፈረንሳይ ብቻ ቀርታለች» አለኝ። «ቅዳሜ እዚያው ማሳዋ ላይ እፈትናታለሁ። ፈረንሳይን ካለፈች፣ በቃ።»

ቅዳሜ በጠዋት እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሌባችንና ውሻችን ምዕራብ ዓባያ ወረድን። ከእትዬ ቤት ስንደርስ ፍራሻቸው ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ አይሱዙው ላይ ተጭኗል። ድስቶቻቸው ኬሻ ውስጥ ገብተዋል። እሳቸው የመንገድ ልብሳቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰላም ስላቸው ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። ልጃቸው ገመድ እያጠበቀ «አጎቴ፣ እስቲ አሳየን» አለ።

የፈረንሳዮቹ ከባዱ ፈተና እንዲህ ነው። ሌባው እንደ ጨዋ ሰው ይመጣል፣ የውሻውን ጌታ ይጨብጣል፣ ያናግረዋል። ውሻው ዝም ማለት አለበት። ከዚያ ሌባው የሚሄድ መስሎ ዞር ይልና በድንገት ጌታውን ይመታዋል። የዚያን ጊዜ ውሻው ማንም ሳያዘው ራሱ ፈርዶ መከላከል አለበት። ሰላምታውን ጠብ ካደረገው ወድቋል፤ ጠቡን ሰላምታ ካደረገውም ወድቋል።

አናጺው ጆንያ የተለበደበትን ቡልኮ ለብሶ መጣ። ተጨባበጡ። ችግሩ እኛ አገር መጨባበጥ ብቻ የለም፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቁ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አናጺው ጉልበት። ፈረንሳይ ይሄን ብታይ ሰዓት አለቀ ትል ነበር። ውሻችን አዛጋች። በመጨረሻ አናጺው ሄድ አለ፣ ዞረ፣ ቀርከሃውን አነሣ... እና አቧራ የሚያራግፍለት ይመስል የባለቤቴን ትከሻ ነካ ነካ አደረገው።

ውሻዋ ቀና ብላ አየችው፣ መልሳ ተኛች።

«ምታኝ እንጂ!» አለ ባለቤቴ።

እንደገና ሞከሩ። ቀርከሃው አየር ላይ ቀረ። «ጋሼ፣ አልችልም» አለ አናጺው። «ጎሜ ነው።»

ጎሜ በደጋው አባቶች ዘንድ የማይነካ ነውር ነው፤ የጣሰ ሰው ከብቱም ልጁም አይበረክትለትም ይላሉ።

«እናንተ ጌታን ካገኛችሁ ወዲህ ጎሜ ቀርቷል አላላችሁም?» አልኩት።

«እሱስ ቀርቷል እማማ። ግን ሽማግሌ አልመታም።»

ወይ ጉድ! የእትዬን ልጅ ለመንነው፤ አጎቱን ሊመታ? እጁን ወደ ኋላ አደረገ። የአይሱዙው ሹፌር ተጠየቀ፤ «ደግሞ እኔን ምን አገባኝ!» ብሎ ጎማ መፈተሽ ጀመረ። ባለቤቴ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲፈታ አየሁ። እኔ አውቀዋለሁ፣ ደስታ ነበር። «እንግዲህ ፈተናው ካልተሟላ...» ብሎ ጀመረ። ልጃቸው ወደ አይሱዙው ዞረ።

«ያንን ልብስ አምጣው» አሉ እትዬ።

ሁላችንም ዞርን። ከበርጩማቸው ተነሥተዋል።

«እማ፣ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ይሄን ሰውዬ እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በጥፊም ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እኔ ብመታው ምንም ጎሜ የለውም።»

ማን ይከልክላቸው! አለበስናቸው። እጅጌው ከጣታቸው አልፎ ተንጠለጠለ፤ ውስጡ ጠፉ። መጥተው ወንድማቸውን ጨበጡ፣ ደህና ነህ ወይ አሉት። ውሻዋ ዝም። ሄድ አሉ። ከዚያ ዞር ብለው አንድ ጥፊ አላሱት፣ ከሙዙ ውስጥ ወፍ ተነሣ! የሰኔው ሌባ፣ ሐዋሳ፣ ፎቁ፣ «ቆይ እንጂ ልፈትናት» ሁሉ ያ ጥፊ ውስጥ ነበሩ።

ቃል ሳይወጣን ውሻችን ተነሥታ እጅጌውን ያዘች። እትዬ ተንገዳገዱ፣ አልወደቁም። እኔ ጮህኩ። ልጃቸው ሊሮጥ ሲል «እዚያው ቁም!» አሉት፤ እግራቸውን ተክለው ከውሻዋ ጋር ዓይን ለዓይን ተፋጠጡ። ያ ቅጠል ኮሽ ሲል ይርድ የነበረ ሰውነት! ባለቤቴ ጉንጩን ይዞ «ልቀቂ» አለ። ለቀቀች። ወዲያው የእትዬን እጅ ላሰች፣ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል። እሳቸውም ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ፤ ከሰኔ ወዲህ ሳቃቸውን የሰማሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወንድማቸውን ቀና ብለው አዩት። «ፈተናው አለቀ?» አሉት።

 ስልኩ ውስጥ ገና ስንት አገር እንዳለ አውቃለሁ። አንድ አገር ቢጠራ፣ አንዱን ብቻ፣ ልጁ ሞተር ያስነሣል።

ባለቤቴ ጉንጩን አሸ። ውሻዋን አየ፣ እህቱን አየ።

«አለቀ» አለ።

ልጁ አንድም ቃል ሳይጨምር አይሱዙው ላይ ወጥቶ የፍራሹን ገመድ ፈታ። ድስቶቹን እኔና አናጺው ተሸክመን አስገባን። ምሳ በላን፤ ከማሳው የተቆረጠ ሙዝ እስኪያቅተን ተበላ፣ የሹፌሩም ወሬ ለጉድ ነበር። ባለቤቴ እንኳ ሁለት ጊዜ ሳቀ፤ የተመታው ጉንጩ ገና ቀይ ነበር።

ወደ አስፋልቱ ልንወጣ ስንነሣ ውሻዋ ከእሱ ጎን ተነሣች። እንደ ልማዷ ከግራ ጉልበቱ ጋር ተጣብቃ መራመድ ጀመረች። እትዬ ከኋላ ጠሯት፣ አልሰማችም። ደግመው ጠሯት። ቆመች፣ ግን ያየችው እሳቸውን አይደለም፣ እሱን ነው። እሱ ካላዘዛት እንደማትሄድ ሁላችንም ገባን። ልጁ ገመድ ይዞ ሲመጣ ባለቤቴ በእጁ መለሰው። በግድ ተጎትታ እንድትቀር አልፈለገም።

ሙዙ መሃል ቆሞ ረጅም ጊዜ አያት። ጎንበስ ብሎ ጆሮዋን ዳሰሰላት። 

«ሂጂ» አላት።

አልሮጠችም። እየዞረች እያየችው፣ ቀስ ብላ ወደ እትዬ ሄደች፤ እግራቸው ሥር ደርሳ ተቀመጠች።

ባለቤቴ ወደ መንገዱ ዞረ።  እጁን ያዝኩት፤ በአደባባይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄደን አናውቅም፣ ያን ቀን ግን እስከ አስፋልቱ አልለቀቀኝም።